ሚስማር የሌለው ጠረጴዛ

"ተው! ተው አልኩህ፣ ጀልባዋን ትሰነጥቃታለህ!"

ዳሲቱ የጮኸችው ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ሆና ነው። ወንድሟ ቃልቤሳ ከላይ ቆሞ፣ መግቢያው አፍ ላይ የተቀረቀረውን ጠረጴዛ በእንጨት መዶሻ ይቀጠቅጣል። በመታ ቁጥር ጀልባዋ እንደ ከበሮ ታስተጋባለች። የዳሲቱ ጆሮ ጭው ይላል፣ የቀለም ቅርፊት ሻሿ ላይ ይረግፋል። ከጠረጴዛው እግሮች ሁለቱ ገብተው ከራሷ በላይ ተንጠልጥለዋል። የቀሩት ሁለቱ አንገባም ብለዋል።

"ይገባል እትዬ! ትንሽ ነው የቀረው!"

"ምኑ ነው የሚገባው? መውጫዬ ላይ እኮ ነው የወተፍከው! በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?"

አሁንም መታ። ዳሲቱ ከዚህ በላይ አልለመነችም። ትናንት ሰፍታ የጨረሰችው መቀመጫ ላይ በጀርባዋ ተኛችና ጠረጴዛውን በሁለት እግሯ ከታች ወደ ላይ ረገጠችው። አልነቃነቅ አለ። ጥርሷን ነክሳ ደገመች። ተፈናጥሮ ሲወጣ የቃልቤሳን አገጭ አገኘው። አንገቷን አውጥታ ስታየው ከንፈሩ ተተርትሮ ደሙ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ግን የሚያየው ጠረጴዛውን ነው። ጠርዙ ላይ የወጣውን ጭረት በአውራ ጣቱ ያሻል።

"መግቢያውን አልለካኸውም?"

"የሚቀመጥበትን ቦታ ለክቻለሁ።"

"እሱንማ ለክተሃል። የሚገባው ግን በየት ነው? በሰማይ?"

ቃልቤሳ ከጀልባዋ ዘሎ ወረደና ጀልባዋ የተጫነችበትን የተሳቢ ጎማ በእርግጫ ደበደበው። ጎማው ምን አደረገው? ዳሲቱ ይህን እርግጫ ታውቀዋለች። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመታው ነገር ሲያጣ ግድግዳ ይመታ ነበር፤ ግድግዳ ሳይበቃው የቀረ ዕለት ሰው መታ።

ጀልባዋ ከቢሾፍቱ በተሳቢ ተጎትታ የመጣች አሮጌ ጀልባ ናት። ሸራዋ ተጠቅልሎ፣ ምሰሶዋ ወርዶ ጀርባዋ ላይ ታስሯል። አቶ ተስፋሚካኤል የሚባል ሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው፣ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ገዛት። እንግዶቹ ውስጧ ቁጭ ብለው እንዲጫወቱ አስቦ ነው። ውስጧ ግን የሚያስቀምጥ አልነበረም። ጠረጴዛው በስብሶ፣ መቀመጫዎቹ ሻግተው የዓሣና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ይሸታሉ። አቃቂ በሰቃ፣ ዳሲቱ ሶፋ የምትሰራበት ግቢ ጀልባዋ ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያት። "ዳሲቱ፣ ወደ ጅቡቲ ልትሄጂ ነው?" አሏት። "እናንተን ጭኜ ባሕር ውስጥ ልደፋችሁ ነው" አለቻቸው።

ዳሲቱ በሕይወቷ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። መቀመጫ ግን የትም ቢሆን መቀመጫ ነው። የጀልባዋ ውስጥ ወደፊት እየጠበበ እንደ ካውያ ጫፍ ይሾላል። እንደ ሳሎን ሶፋ በአራት ማዕዘን ቆርጠሽ የምትገላገይው ስራ አይደለም። የመቀመጫዎቹን አሮጌ ልብሶች በምላጭ ስፌት በስፌት ተረተረቻቸው፤ ቁርጥራጮቹን በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ዘርግታ ዙሪያቸውን በጠመኔ አሰመረች፣ ከዚያ ስፖንጁን በረዥም ቢላ በዚያው ልክ ከፈለችው። ላዩን ውሃ የማያስገባ ሰማያዊ ሌዘር አለበሰችው። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ልክክ አለ።

ጠረጴዛውን ለቃልቤሳ ሰጠችው። ጠጅ ቤት ውስጥ የሰው መንጋጋ ሰብሮ ታስሮ በአመክሮ ከወጣ ገና ክረምት አልመጣበትም። በአመክሮ የወጣ ሰው እጁ ሰው ላይ ካረፈ፣ የተተወለትን ጊዜ ተመልሶ ገብቶ ይጨርሳል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዳሲቱ ደግሞ ወንድሟ ዳግመኛ እዚያ በር አይገባም ብላለች፤ ዳሲቱ ካለች አለች ነው።

አናጺነቱን የተማረው እስር ቤት ነው። እሱ እንደሚለው እዚያ ሚስማርና ብሎን ተቆጥሮ ወጥቶ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ አንድ ከጎደለ ሰው ሁሉ ሲበረበር ይውላል። ስለዚህ ያስተማሩት ሽማግሌ እስረኛ ሚስማርን ትተው፣ እንጨትን በእንጨት ማጉረስ፣ በሽብልቅ መቆለፍ፣ በኮላ ማጣበቅ አስተማሩት። እንዲህ የተሰራ ዕቃ አይነቃነቅም። አይፈታምም። አሁን ብሎን በየሱቁ ሞልቶ እያለ የቃልቤሳ እጅ ወደ ብሎን አይሄድም። ይህንንም ጠረጴዛ ከዋንዛ እንዲያ አድርጎ ሰራው፤ ሲያምር! ዳሲቱ አልፋ በሄደች ቁጥር በመዳፏ ትዳብሰው ነበር።

ደግሞ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ መቆየት አይችልም። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው የተጠጋ ነው። አንዴ ገብቶ ወለሉን እንደ ሌባ ለክቶ፣ ላቡ እየወረደ ሮጦ ወጣ። ዳሲቱ አይታለች። መግቢያውን ለመለካት ያቺው ጠባብ አፍ ላይ መቆም ነበረበት፤ አልቆመም።

ዳሲቱ የቃልቤሳን ከንፈር በጨርቅ ይዛለት ሳለ የአይሱዙ ጥሩንባ ከበር ተሰማ። አቶ ተስፋሚካኤል ነበር፣ ጀልባዋን ሊወስድ የመጣ። ሹፌሩ አብርሽ መኪናውን ወደኋላ እየነዳ ከተሳቢው ጋር አስጠጋና ዘሎ ወረደ። ትከሻው የበር ስፋት አለው።

"ወይዘሮ ዳሲቱ፣ ጨርሰሻል አይደል?" አለ ተስፋሚካኤል። "ነገ እንግዳ አለብኝ።"

"መቀመጫው አልቋል ጋሼ። ጠረጴዛው ትንሽ ቀርቶታል።"

"ይኸው ቆሞ አይደል እንዴ? ምን ቀረው?"

"መግባት።"

ተስፋሚካኤል ጠረጴዛውን አየ፣ መግቢያውን አየ፣ ከዚያ ቃልቤሳን አየ። "አይገባም ማለት ነው?"

"መግቢያውን ከግራና ከቀኝ በመጋዝ ትንሽ ሰፋ ባደርገው..." አለ ቃልቤሳ።

"ምን? ጀልባዬን? አንተ ጤነኛ ነህ?"

"እግሮቹን ይቆርጣቸዋል" አለች ዳሲቱ ፈጥና። "ገብቶ ውስጥ ይገጠማል። እስከ ማታ ይደርሳል።"

"አይቆረጥም" አለ ቃልቤሳ።

"ቃልቤሳ!"

"አይቆረጥም እትዬ። ከተቆረጠ ማገዶ ነው።"

አብርሽ ሳቀ። ጠረጴዛውን እየዞረ፣ "አቦ ፋዘር፣ አይፍረዱበት" አለ። "የለመደው ቤት በሩ ለመግቢያ እንጂ ለመውጫ አይለካም። ቃሊቲ ነዋ የተመረቀው!"

ዳሲቱ ስራውን ስትቀበል፣ ኋላ ከሰው ሰምቶ እንዳይቀየም ብላ የቃልቤሳን መታሰር ለተስፋሚካኤል ነግራው ነበር። አሁን የሹፌሩ አፍ ውስጥ ይላመጣል።

የቃልቤሳ አንገት ሲወጠር አየች። ከኋላው ሄዳ ወገቡን በሁለት እጇ ቆልፋ ያዘችው። "አመክሮ" አለችው ጀርባው ላይ አፏን ደፍታ። "ሰምተኸኛል? አመክሮ።"

"እሺ" አለ። "ልቀቂኝ፣ እሺ።"

እውነትም ቃልቤሳ ያኔ በርዶ ነበር። አብርሽ ግን ሳቁ አልበቃውም። "እግሩን እኔ ላውልቅለት ካላችሁማ..." ብሎ የጠረጴዛውን እግር በጫማው መታው። እግሩ ንቅንቅ አላለም። ያመመው አብርሽ ራሱን ነው፤ ጣቱን ይዞ በአንድ እግሩ ሲዘል ተስፋሚካኤል ሳይቀር ሳቀ። ይህን ጊዜ ሹፌሩ ቀላ። መኪናው ውስጥ እጁን ሰዶ የክሪክ ብረት አወጣና ጠረጴዛውን ይወግረው ጀመር። ብረቱ ዋንዛው ላይ ሲያርፍ ድምፁ አጥንት ላይ ያረፈ ይመስል ነበር። ገጹ ተቦጨቀ። አሁንም መታ፣ ስንጥር በረረ። በመጨረሻ አንዱ እግር ጧ ብሎ ከመሃሉ ተሰበረና ጠረጴዛው በጉልበቱ ተንበረከከ።

ዳሲቱ ቃልቤሳ ከእጇ እንዴት እንደወጣ አላወቀችም። ሻሿ ወልቆ መሬት ላይ ተቀምጣ ራሷን አገኘች። ወንድሟ የአብርሽን ጉሮሮ በግራ እጁ አንቆ ከጀልባዋ ጎን ጋር አጣብቆታል፤ ቀኝ እጁ የእንጨት መዶሻውን ከራሱ በላይ አንስቷል። የከንፈሩ ደም አብርሽ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። አብርሽ ዓይኑ ፈጦ በብረቱ ጎኑን ቢወግረውም ቃልቤሳ ምንም የሚሰማው አይመስልም።

"ገደለው!" አለ ተስፋሚካኤል፤ ብሎም ወደ መኪናው ዞረ።

ያኔ እማማ ጠጄ መጡ።

እማማ ጠጄ የግቢው ባለቤት ናቸው። መሬቱ ጤፍ ሲዘራበት ጀምሮ እዚያው የኖሩ ባልቴት ናቸው። ከቤታቸው ሲወጡ በእጃቸው ሲንቄያቸውን ይዘዋል፤ በሰርጋቸው ቀን ከእናታቸው የተቀበሉትን ቀጭን በትር። አልጮኹም። ቀስ ብለው መጥተው በሁለቱ መካከል በትሩን አስገቡና ራሳቸውም ገቡ።

"ይበቃል" አሉ። "ሲንቄ ነው። ይበቃል።"

ሲንቄ የያዘች ሴት መካከል ከቆመች ጠቡ እዚያው ያበቃል። እሷን አልፎ የሚማታ ወንድ የለም። ዳሲቱ ልጅ ሆና ጦር የተማዘዙ ሰዎች እንዲህ ሲለያዩ አይታለች። የቃልቤሳ ክንድ ቀስ ብሎ ወረደ። መዶሻውን ጣለ፣ ጉሮሮውን ለቀቀ፣ ወደኋላ ሄዶ አንገቱን ደፍቶ እጁን አጣምሮ ቆመ። ዳሲቱ እፎይ አለች። በቃ፣ አለቀ አለች። ሦስቱም፣ እሷም ቃልቤሳም እማማ ጠጄም፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለ ብለው አላሰቡም።

አብርሽ አያውቅም። የሚያየው በትር የያዙ አሮጊትና እጁን ያጣመረ ጠላት ነው። ትንፋሹ እንደተመለሰለት ብረቱን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ቃልቤሳ ራስ ሰነዘረ። እማማ ጠጄ በትራቸውን ቀና አደረጉ። ብረቱ በትሩን ለሁለት ሰበረው፣ ከዚያ የእጃቸው አንጓ ላይ አረፈ። እጃቸው አጓጉል ሆኖ ተንጠለጠለ። አላለቀሱም፤ "ውይ" ብቻ ብለው ተቀመጡ።

ቃልቤሳ ያን ጊዜም እጁን አልፈታም። ሲንቄ ተይዟልና።

ዳሲቱ መዶሻውን ከመሬት አነሳችው። አብርሽ ዳግመኛ ለመምታት ብረቱን ሲያነሳ ክንዱን መታችው። ብረቱ ወደቀ። ልጁ ክንዱን አቅፎ ጎንበስ አለ። ፊቱን አየችው፤ የደነገጠው እሱ ነበር። እማማ ጠጄን አየቻቸው። ከዚያ መዶሻውን ከትከሻዋ በላይ አድርጋ፣ ጎንበስ እንዳለ አንገቱና ትከሻው መካከል ያለውን አጥንት መታችው። ሲሰበር እጇ ላይ ተሰማት።

ፖሊሱ ሳጅን አምባው ከአንድ ባልደረባው ጋር ሲመጣ ግቢው በሰው ተሞልቷል። እማማ ጠጄን ጎረቤቶች በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወስደዋቸዋል። አብርሽ አይሱዙው ጎማ ላይ ተደግፎ ያቃስታል። ሳጅኑ ማንንም ሳይጠይቅ ቃልቤሳን አየ፣ ደሙን አየ፣ "አንተ በቅርብ አይደለም እንዴ የወጣኸው?" አለና አንድ እጁን ከጀልባዋ ተሳቢ ጋር በካቴና አሰረው።

"እሱ አይደለም" አለች ዳሲቱ። "እኔ ነኝ የመታሁት።"

"ቆይ እናቴ፣ ተራ በተራ።"

"ምን ተራ አለው? እኔ ነኝ አልኩህ።"

ሳጅኑ ወደ አብርሽ ዞረ። "ማነው የመታህ?"

አብርሽ ዳሲቱን አየ፣ የተሰበሰበውን ሰው አየ። "ማዘር... ክንዴን ነካ አድርጋኛለች" አለ። "የሰበረኝ ግን እሱ ነው። አንቆኝም ነበር፤ ይኸው አንገቴ።"

"ውሸታም!" አለች ዳሲቱ። "ሴት ሰበረችኝ ማለት አፈርክ? አሮጊት መምታት ግን አላሳፈረህም?"

"አቶ ተስፋሚካኤል፣ እርስዎ አይተዋል?"

"እኔ... መኪናው ጋ ነበርኩ። ስልክ እያናገርኩ።"

ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ ሲሮጥ የደረሰው ግን ከመታች በኋላ ነው። ቃልቤሳ ከታሰረበት ቀና አለ። "እሱ እንዳለው ነው" አለ። "እኔ ነኝ። እሷን ተዋት።"

"ዝም በል አንተ!"

"እትዬ፣ እኔ ለምጄዋለሁ። አንቺ አትችይውም።"

"ዝም በል አልኩህ! እጅህን አጣምረህ አልነበር እንዴ የቆምከው? እንደ ሙሽራ! አሁን ደርሰህ የመታሁትን ልትቀማኝ ነው?"

ከሕዝቡ የሳቀ ነበር። ሳጅኑ አልሳቀም፤ ዳሲቱን ወደ ጎን ወሰዳትና ጀልባዋ ጥላ ስር ጉልበቱ ላይ ወረቀት አድርጎ ቃሏን ይጽፍ ጀመር። ጠየቃት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ቀስ ብሎ፣ እንደ ልጅ እያናገረ፣ "እዚህ ጋ ፈርሚ እናቴ" አለ። "ካልቻልሽ በጣትሽ።"

"አንብብልኝ።"

"ያልሽውን ነው የጻፍኩት።"

"አንብብልኝ።"

አነበበ። አሮጊቷ ሲመቱ ስታይ እጅግ ደንግጣ፣ ራሷንና ሌሎችን ለማዳን ስትል የተበዳዩን ክንድ አንድ ጊዜ መትታለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በድንጋጤ ብዛት አላየችም።

"ይህንን መቼ አልኩህ?"

ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚ፣ እናቴን የምትመስይኝ ሴት ነሽ። በመጀመሪያው ማንም አይፈርድብሽም፤ ብረት ተነስቷል። ሁለተኛው ግን ብረቱ ከወደቀ በኋላ ነው። አጥንት ሰብሯል፤ ያሳስራል። ወንድምሽ ደግሞ እኔ ነኝ ብሏል። ለምን አትተይለትም? እሱ ሆነም አልሆነም አንቆታል፣ ታሪክም አለበት። አንቺ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

ዳሲቱ ወደ ተሳቢው አየች። ቃልቤሳ መሬት ላይ ተቀምጧል። ካቴናው እጁን ወደ ላይ ሰቅሎታል። በሌላኛው እጁ የተሰበረውን የጠረጴዛ እግር አንስቶ ስብራቱን ገጥሞ እያየ ነው።

"ማነቁን ጻፍ" አለች። "አንቋል፣ አልዋሽም። ሲንቄ ሲመጣ ለቀቀ፣ እሱንም ጻፍ። ድንጋጤውን ግን ሰርዘው።"

"እናቴ..."

"አልደነገጥኩም። የመጀመሪያው ብረቱን ለማስጣል ነው። ሁለተኛው ለእማማ ጠጄ እጅ ነው። ፊቱን አይቼ፣ አጥንቱን መርጬ ነው የመታሁት። እንደዚህ ብለህ ጻፍ።"

"እንዲህ ከጻፍኩት እኮ ማንም አያወጣሽም።"

"ጻፍ።"

ሳጅን አምባው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። ከዚያ ሰረዘ። የሰረዘውን እንደገና እንዳይነበብ አድርጎ እንዲያጠቁረው አዘዘችው፤ አጠቆረው። ከሥሩ አዲሱን ጻፈና አነበበላት፤ አንዷን ቃል አስለወጠችው። "መትታለች" ያለውን "ሰብራለች" አስባለችው።

የጣት ቀለሙን ሲያወጣ እጁን ገፋችው። እስክሪብቶውን ከጣቶቹ መካከል ወሰደችና፣ ሌሊት ትምህርት ቤት በተማረችው ፊደል፣ እያንዳንዱን ጫን እያደረገች ስሟን ጻፈች። ወረቀቱ ትንሽ ተቀደደ።

"በል" አለች፣ ሁለት እጇን አንድ ላይ አድርጋ ወደፊት ዘርግታ። "ያለህ ካቴና አንድ ከሆነ፣ ከእሱ ፍታው።"